ደስታ ፍሬ ነው፦ ክርስትና ስለ እውነተኛ ደስታ ምን ይላል?

ከኅዳር እስከ ጥር ጅማ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ቡና የጫኑ አይሱዙዎች ይገባሉ። በየግቢው ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና፣ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። የቆየ ዕዳ ይከፈላል፤ የቤት ቆርቆሮ ይቀየራል፤ ሰርግ ይደገሳል። የመንገድ ላይ ሰላምታው ራሱ ይረዝማል። ክረምቱ ሲመጣ ግን ገንዘቡ ያልቃል። የሰው ፊትም አብሮ ይጠቁራል።

እዚህ ተወልጄ ስላደግሁ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። አባቴ አጋሮ አቅራቢያ ትንሽ የቡና ማሳ ነበረው። የፈረሱላው ዋጋ ሲወጣ ቤታችን ውስጥ ሳቅ ይበዛል። ሲወርድ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ለእኔ ደስታ ማለት ከገበያ የሚመጣ ነገር ነበር።

ክርስትና ስለ ደስታ የሚለው ከዚህ በጣም ይለያል። እኛ አማኞች ነን የምንለውም ብዙ ጊዜ እንስተዋለን። አንዳንዱ «ክርስቲያን ማዘን የለበትም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይህ ዓለም የኀዘን ቦታ ነው፤ ደስታ ያለው በሰማይ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ሰውን ይጎዳሉ። የመጀመሪያው ያዘነን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ እግዚአብሔር ዛሬ የሚሰጠውን ነገር ከሰው እጅ ይቀማል። ስለዚህ መጽሐፉ ራሱ የሚለውን ቀስ ብለን እንየው።

«ታድላ!»

የተራራው ስብከት የሚጀምረው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። ኢየሱስ ተራራው ላይ ተቀምጦ ሕዝቡን ማስተማር ሲጀምር የመጀመሪያው ቃሉ ስለ ደስታ ነው። «በመንፈስ ድሆች የሆኑ ብፁዓን ናቸው፥ መንግሥተ ሰማያት የእነርሱ ናትና። የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው፥ መጽናናትን ያገኛሉና» አለ።

«ብፁዕ» ለእኛ ጆሮ ከባድ ቃል ነው። «ብፁዕ አቡነ» እያልን የጳጳሳት መጠሪያ ስላደረግነው ከተራ ሰው ኑሮ የራቀ ይመስለናል። ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛ ቃሉ «ማካሪዮስ» ነው። በዕብራይስጡ መዝሙረ ዳዊት ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው «አሽሬ» የሚል ቃል አለ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እሱን «ምስጉን» ብሎታል። የመዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያው ቃልም እሱ ነው፦ «ምስጉን ነው በክፉዎች ምክር ያልሄደ»። ሁለቱም ቃላት የሚናገሩት ሰውየው በዚያች ሰዓት ስለሚሰማው ስሜት አይደለም። ስላለበት ቦታ ነው የሚናገሩት። ሌላ ሰው ከዳር ቆሞ አይቶት «ይኸ ሰው ኑሮው ቀንቶታል» የሚልበት ቃል ነው።

እኛም ለዚህ የሚቀርብ ጥሩ ቃል አለን። ቡና ላይ የተሰበሰቡ እናቶች የጎረቤት ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ሲሰሙ ምን ይላሉ? «ታድላ!» ይላሉ። ቤት የሠራውን «ታድሎ!»፣ ጥሩ ልጅ የወለደችውን «ታድለሽ!» ይላሉ። አሁን ይህን ቃል ይዛችሁ ወደ ተራራው ስብከት ተመለሱ። ድሆች ታድለዋል። የሚያዝኑ ታድለዋል። የዋሆች ታድለዋል። ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ታድለዋል።

ያኔ ንግግሩ ያስደነግጣል። ማን ነው ለቅሶ ቤት ገብቶ ባሏን የቀበረችን ሴት «ታድለሽ!» የሚላት? እናቴ ጥቁር ለብሳ በነበረበት ጊዜ አንድ ሰው እንዲህ ቢላት እኔ ራሴ ከደጅ አስወጣው ነበር።

መልሱ ያለው መጨረሻ ላይ ባለችው «ና» ውስጥ ነው። «መጽናናትን ያገኛሉና።» ኀዘኑ ራሱ መልካም ነው አልተባለም። ረሃቡም፣ ስደቱም መልካም ናቸው አልተባለም። የታደሉት እዚያ ቦታ ላይ የሚያገኛቸው ስላለ ነው። በመንፈስ ድሃ ማለት «በእግዚአብሔር ፊት የማቀርበው አንድም ነገር የለኝም» ብሎ እጁን የዘረጋ ሰው ነው። የተዘረጋ እጅ ደግሞ መቀበል ይችላል። የተጨበጠ እጅ አይችልም። እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብቤው «ና»ዋን ሳላያት ማለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ በክርስትና እውነተኛ ደስታ የሚቆመው ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ባለው ነገር ላይ ነው። ስሜቱ ከዚያ ይመጣል። አንዳንዴ ቶሎ ይመጣል፤ አንዳንዴ ይዘገያል። መሠረቱ ግን ስሜቱ አይደለም።

ጎተራውን ሊያሰፋ የነበረው ሰው

አንድ ነገር ላስቀድም። መጽሐፍ ቅዱስ የዚህን ዓለም መልካም ነገር አይጠላም። ኢየሱስ በዮሐንስ ወንጌል የመጀመሪያውን ምልክት ያደረገው በቃና ሰርግ ቤት ነው። መጽሐፈ መክብብም «ሂድ፥ እንጀራህን በደስታ ብላ» ይላል። ለዚህ ነው ጥሩ ቡና ሲፈላ ጭሱን እየሳቡ «ይህ ሥጋዊ ነገር ነው» የሚሉ ሰዎች ንግግር የማይገባኝ። ቡናውን የፈጠረው ማን ሆነና?

ችግሩ የሚመጣው ስጦታውን በሰጪው ቦታ ስናስቀምጠው ነው። ይህን በደንብ የሚያሳየው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ምሳሌ ነው። ምሳሌውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የተነገረበትን ምክንያት ግን እንረሳዋለን። አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ «መምህር ሆይ፥ ርስቱን ከእኔ ጋር እንዲካፈል ለወንድሜ ንገረው» አለ። የርስት ክርክር ነው። ጅማ ዙሪያ ያለ የቡና ማሳ ቢሆን ኖሮ ምንም አይለይም። ኢየሱስ ግን ዳኛ ሆኖ ለመቀመጥ እምቢ አለ። «የሰው ሕይወት በገንዘቡ ብዛት አይደለምና» ብሎ ታሪክ ጀመረላቸው።

እርሻው እጅግ ያፈራለት አንድ ባለጠጋ ነበር። ፍሬውን የሚያኖርበት ቦታ ጠበበው። ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ አሰበ። ከዚያም ለነፍሱ «ዕረፊ፥ ብዪ፥ ጠጪ፥ ደስ ይበልሽ» ሊላት ተዘጋጀ። በዚያችው ሌሊት ሞተ።

ታሪኩን አንዴ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ሰውየው ሌባ አይደለም። ሰው አልበደለም። ማሳው ነው ያፈራለት። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያወራው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ ይላል። ሚስት የለችም። ጎረቤት የለም። የቀን ሠራተኛ የለም። ያን ሁሉ እህል አብሮት የሚበላ አንድ ሰው እንኳ ታሪኩ ውስጥ አይታይም። እግዚአብሔርም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ሳይጠራ። «ደስ ይበልሽ» ያላት ነፍስ ብቻዋን ነበረች። በዚህ ሁኔታ ሞት ባይመጣበት እንኳ ደስ ይላት ነበር ብዬ አላምንም።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የማስታውሰው የአውግስጢኖስን ታሪክ ነው። አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ354 ዛሬ አልጄሪያ በምንላት አገር የተወለደ አፍሪካዊ ነው። 30 ዓመት ሲሆነው በጣሊያኗ ሚላኖ ከተማ ታዋቂ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። አንድ ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሚያቀርበውን የውዳሴ ንግግር እያሰበ በመንገድ ያልፋል። ንግግሩ ውሸት የበዛበት እንደሆነ ራሱ ያውቃል። ልቡ በጭንቀት ተይዟል። መንገዱ ላይ አንድ ለማኝ አየ። ለማኙ ጠጥቶ ሞቅ ብሎታል፤ ይስቃል፣ ይቀልዳል። አውግስጢኖስ ለጓደኞቹ አዘነላቸው፤ ለራሱም አዘነ። እኛ በዚህ ሁሉ ድካም የምንፈልገውን ይህ ሰው በለመናት ጥቂት ሳንቲም አግኝቶታል አላቸው።

የለማኙ ደስታ እውነተኛ እንዳልሆነ ያውቃል። በነጋታው ስካሩ ይወጣለታል። የአውግስጢኖስ የክብር ፍለጋ ግን ሌሊት አብሮት ተኝቶ ጠዋት አብሮት የሚነሣ፣ የማይወጣ ስካር ነው። ይህ ሰው በ387 ተጠመቀ። በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ ወደ እግዚአብሔር «ለራስህ ፈጥረኸናልና፣ ልባችን በአንተ እስኪያርፍ ድረስ ዕረፍት የለውም» አለ። ክርስቲያኖች ከ1600 ዓመት በላይ ይህን ቃል የሚደጋግሙት ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ስለተናገረ ነው። ሥራ ስናገኝ ያልፍልናል እንላለን። ስናገኝ ቤት ስንሠራ እንላለን። ስንሠራ ልጆቹ ሲያድጉ እንላለን። ልቡ ግን አልተቀመጠም።

ከግንዱ ጋር

ታዲያ ይህ ደስታ ከየት ይገኛል? ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ አንድ ቃል ይጠቀማል፦ ፍሬ። «የመንፈስ ፍሬ ግን ፍቅር፥ ደስታ፥ ሰላም» እያለ ይቀጥላል። ደስታ ሁለተኛ ነው። ከፍቅር ቀጥሎ ነው የመጣው። ኢየሱስም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 «እኔ የወይን ግንድ ነኝ እናንተም ቅርንጫፎች ናችሁ» ካለ በኋላ ነው ስለ ደስታ የሚናገረው። «ደስታዬም በእናንተ እንዲሆን ደስታችሁም እንዲፈጸም ይህን ነግሬአችኋለሁ።» ይህን የተናገረው ሊይዙት በሚመጡባት በዚያችው ሌሊት ነው። «ደስታዬ» ሲል የምን ደስታ ነው? ከሰዓታት በኋላ የሚገረፍ ሰው ደስታ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ።

እኛ የወይን ተክል ብዙም አናውቅም። ቡና ግን እናውቃለን። ችግኝ ተክሎ በነጋታው ቅርጫት ይዞ የሚወጣ ገበሬ የለም። ቡና ለፍሬ ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈልጋል። ጥላ ይፈልጋል፤ አባቴ ማሳው ላይ ያሉትን ዋንዛና ሰሳ ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም ነበር። በበጋው መጨረሻ ዝናብ ጠብ ሲል ማሳው በአንዴ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ሽታው ሩቅ ድረስ ይጠራል። ከዚያ አበባ ተነሥቶ ቀይ እሸት እስኪሆን ደግሞ ስምንት ወር ያህል ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቅርንጫፉ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ከግንዱ ጋር ተጣብቆ መቆየት።

ደስታም እንዲህ ነው። ደስታን ራሱን አሳድዶ የያዘው ሰው አላየሁም። የሚያዘው ግንዱ ነው። ጸሎት፣ ቃሉን ማንበብ፣ ቅዳሴና ቁርባን፣ ከወንድሞች ጋር መኖር ሁሉ ከግንዱ ጋር የሚያቆዩ ነገሮች ናቸው። ደስታ ለማግኘት የሚከፈሉ ክፍያዎች አይደሉም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ጾሜአለሁ፣ ጸልያለሁ፣ አሥራት አውጥቻለሁ፤ ታዲያ ደስታዬ የት አለ?» እንላለን። ፍሬን ደመወዝ አድርገነዋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው ታላቅ ልጅ እንዲህ ነበር። ታናሹ ንብረቱን በትኖ ተመለሰ፤ አባቱ ሮጦ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ የሰባው ፊሪዳ ታረደ። ታላቁ ከእርሻ ሲመለስ የዘፈን ድምፅ ሰማ። አልገባም ብሎ ደጅ ቆመ። ለአባቱም ይህን ሁሉ ዓመት እንዳገለገለው፣ ከወዳጆቹ ጋር ደስ የሚልበት አንድ ጥቦት እንኳ እንዳልሰጠው ነገረው። ሒሳብ ይዞ ነበር ማለት ነው። አባቱ የመለሰለት «ልጄ ሆይ፥ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፥ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» ብሎ ነው። ደስታው ዕድሜውን ሙሉ አጠገቡ ነበር። እሱ ግን ደመወዝ ሲጠብቅ አላየውም።

ይህን ታላቅ ልጅ በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነበርኩና።

አባታችን ካረፈ በኋላ ከወንድሜ ጋር በማሳው ድንበር ተጣላን። መጀመሪያ ነገሩ ትንሽ ነበር። ሽማግሌ ገባበት፤ አልሆነም። አምስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። አንድ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን እሱ በአንድ በር ሲገባ እኔ በሌላው እወጣለሁ። በእነዚያ ዓመታት ጾም አላፈረስኩም። ሰዓታት ቆሜአለሁ። ውስጤ ግን እንደ ደረቀ ጀንፈል ነበር፤ ስትነቀንቀው ይንኳኳል እንጂ እርጥበት የለውም።

አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ «አባቴ፣ ምን ጎድሎኝ ነው ደስታ የማላገኘው?» አልኳቸው። ስለ ጸሎቴ አልጠየቁኝም። ዝም ብለው የማቴዎስን ወንጌል ከፈቱ። መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፣ መባህን ትተህ አስቀድመህ ሄደህ ታረቅ የሚለውን አነበቡልኝ። «ልጄ፣ የበደለህን ብታስብ አላለም፤ እሱ ያዘነብህን ብታስብ ነው ያለው» አሉኝ። እኔ የበደለኝን ብቻ ነበር አምስት ዓመት የቆጠርኩት።

ወንድሜ ቤት የሄድኩት ማታ ነው። ዝናብ ነበር፤ ጅማ ዝናቡ መች ይቀራል። በሩን የከፈተችው ልጁ ናት። አላወቀችኝም። ጥዬአት የሄድኩት ገና ድክ ድክ ስትል ነበር። ወንድሜ ከኋላዋ መጣ። አንድም ቃል አልተናገርንም። በርጩማውን አቀረበልኝ፤ የአባታችን የነበረችውን ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ። ተቀመጥኩባትና አለቀስኩ። ሚስቱ ጀበና ጣደች።

ድንበሩን በዚያች ማታ አልጨረስንም። በኋላም ሙሉ በሙሉ እንደፈለግሁት አልሆነም። እየነጋ ሲሄድ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ መንገዱን ሙሉ በደስታ እየዘመርኩ ነበር የሄድኩት። አልፈለግሁትም፤ አልጠበቅሁትም። መጣ።

መዝሙር 32 ያንን ስሜት ቀድሞ ያውቀዋል። «መተላለፉ የቀረችለት ኃጢአቱም የተከደነችለት ምስጉን ነው።» ያው «አሽሬ» የሚለው ቃል ነው። ይቅር የተባለ ሰው፣ ታድሎ! ቀጥሎም ዳዊት ኃጢአቱን ደብቆ ዝም ባለበት ጊዜ አጥንቱ እንደተበላሸ፣ እርጥበቱም እንደ ደረቀ ይናገራል። ለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያን ንስሐን ከደስታ ጋር የምታያይዘው። ብዙ ወጣቶች ንስሐን እንደ ክስ ችሎት ይፈሩታል። ኢየሱስ ግን አንድ ሰው ንስሐ ሲገባ በሰማይ ደስታ ይሆናል ነው ያለው። ቅጣት ይሆናል አላለም።

ኀዘን ያለበት ቤት

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን። ይህ ደስታ እውነተኛ ከሆነ፣ ሰው ሲሞት፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ሕመም ሲጸና የት ይሄዳል?

ለቅሶ ቤት ገብተን «አይዞሽ፣ አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ታስቀይሚዋለሽ» የምንል ሰዎች አለን። በቅንነት ነው የምንለው። ግን ትክክል አይደለም። ኢየሱስ በወዳጁ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ «እንባውን አፈሰሰ»። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች አትዘኑ አላላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ ነው ያላቸው። በሌላ ቦታ ስለ ራሱ «ኀዘንተኞች ስንሆን ዘወትር ደስ ይለናል» ብሎ ጽፏል። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ይህን ያልተቀበለ ሰው ወይ እንባውን ይደብቃል፣ ወይ እምነቱን ይጥላል።

ለፊልጵስዩስ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት እዩት። አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። በእነዚያ አራት ምዕራፎች ውስጥ ስለ ደስታ 16 ጊዜ ያህል ይናገራል። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ፤ ደግሜ እላለሁ፥ ደስ ይበላችሁ» ይላል። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነበር። ተቀባዮቹ ደግሞ ቃሉን ከልማድ የመጣ ማጽናኛ ነው ብለው ሊያልፉት አይችሉም። ከዓመታት በፊት ጳውሎስና ሲላስ በከተማቸው ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በእኩለ ሌሊት ሲዘምሩ እስረኞቹ ሰምተዋቸዋል። የወህኒ ጠባቂው ራሱ በዚያች ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር ተጠምቋል። ደብዳቤው ሲነበብ እዚያ ተቀምጦ ከነበረ ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በዚያው መልእክት አራተኛ ምዕራፍ ላይ ጳውሎስ የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን «ተምሬአለሁ» ይላል። ይህችን ቃል እወዳታለሁ። አብሮኝ ተወለደ አላለም። በአንድ ጊዜ ከሰማይ ወረደልኝም አላለም። ተምሮታል፤ ያውም በመራብም በመጥገብም። ስለዚህ ዛሬ ያልደረስንበት ሰዎች ገና ተማሪዎች ነን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ለወራት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር የሰለቸው ሰው «ጸሎት ስለ ጎደለህ ነው» ሊባል አይገባም። የድባቴ ሕመም ሕመም ነው። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ያን ታላቅ ነገር ካየ በኋላ በምድረ በዳ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲሞት ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። እንቅልፍ ወሰደው። መልአክ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ ከራስጌው አገኘ፤ በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ እንደገና አበላው። ሌላው ንግግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍና ምግብ የላከ አምላክ ሐኪምም ይልካል። እዚሁ ጅማ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል የሚሄድ ሰው ሐኪም ጋ ቢሄድ እምነቱ አይጎድልም። እባካችሁ እንዲህ የሆነ ሰው በቤታችሁ ካለ ብቻውን አትተዉት።

ቡና ገበሬ የሚያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪሰበር ያፈራ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ይሳሳል። ዛፉ አልሞተም፤ አርፏል። አባቴ በእንደዚህ ያለ ዓመት ማሳው ውስጥ ሲዘዋወር አንድ ጥቅስ ይል ነበር። ከነቢዩ ዕንባቆም ነው። «ምንም እንኳ በለስም ባታፈራ፥ በወይንም ሐረግ ፍሬ ባይገኝ» ይልና ቆም ብሎ «ቡናም ባያፈራ» የምትለውን ከራሱ ይጨምርበታል። ከዚያ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል፤ በመድኃኒቴ አምላክ ሐሤት አደርጋለሁ» ብሎ ይጨርሳል። በልጅነቴ ራሱን እያታለለ ይመስለኝ ነበር። ዕንባቆም ግን የጎደለውን አልደበቀም። በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ በጎቹን፣ ላሞቹን አንድ በአንድ ቆጥሯል። «እኔ ግን» ያለው ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው።

አባቴ ያረፈው በጥር ነው፤ ቡናው ተለቅሞ ሳያልቅ። በዚያ ዓመት ሑዳዴ 55ቱንም ቀን በጣም ረዘመብን። የፋሲካ ሌሊት እናቴ «እሄዳለሁ» አለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። እኔና ወንድሜ ያኔ ገና አልተጣላንም ነበርና ግራና ቀኝ ደግፈናት ሄድን። ሌሊቱ ሲጋመስ ጧፍ በራ። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ። ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ መለሰ። «አሰሮ ለሰይጣን።» «አግዐዞ ለአዳም።» እናቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። «ሰላም» ሲሉ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ «እምይእዜሰ» አለች። ካህኑ «ኮነ» አሉ። «እምይእዜሰ ኮነ»፣ ከአሁን ጀምሮ ሆነ ማለት ነው። ቀሪውን፣ ደስታና ሰላም የሚለውን፣ የሚሞላው ሕዝቡ ነው። እናቴ እንባዋ ጧፉን ይዞ በነበረው እጇ ላይ እየወረደ፣ አጠገቧ የቆሙት ሁሉ ዞረው እስኪያዩአት ድረስ ጮክ ብላ «ፍሥሐ ወሰላም» አለች።

ስንመለስ ጎህ ቀዶ ነበር። ጥቁሯን አላወለቀችም። ድፎውን ቆረሰችና የመጀመሪያውን ቁራሽ በሰፌድ አድርጋ ሰጠችኝ። አባቴ በሞተ ዕለት ከሁሉ ቀድመው በራችን ላይ የደረሱት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናቸው። «ሳይቀዘቅዝ ለሳቸው አድርስ» አለችኝ።